መጀመሪያ የቱ ይቀየር

ዓሊዪ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ሲፒዩውን፣ በቡጢ ነረተው። ስክሪኑ ላይ እየተንፏቀቀ ሥራው የት እንደደረሰ ሲያሳይ የነበረው ሰማያዊ መስመር ከግማሽ አልፎ ነበር። ድንገት ስክሪኑ ጠቆረ፤ ማሽኑ አንዴ ቀጭ አለና ራሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መነሳት ጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ የተለፋበት ሥራ ውኃ በላው።

«አትምታው!» ጮኸች ሶፍያ። «ሰው ነው እንዴ የሚሰማው?»

«እሱ ባይሰማም ለእኔ ይወጣልኛል» አለና ደገመው።

ሶፍያ ለገሠ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብር ነበር። ኮምፒውተሩ የእሷ ነው፤ አንድ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ በጨረታ ከሸጣቸው ዕቃዎች መሃል የገዛችው። ካሜራው የዓሊዪ ነው። ዓሊዪ ከከተማው ውጭ ባለችው በድሬ ጠያራ የሚኖር ገበሬ ልጅ ሲሆን ሰርግ እየዞረ ይቀርጻል፣ ድምፁን ያስተካክላል፤ እሷ ምስሉን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ሁለቱም ግልፍተኞች ናቸው። ተጣልተው ሲታረቁ፣ ታርቀው ሲጣሉ ዓመታት አብረው ሠርተዋል።

ጊዜው ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ነበር። ረመዳን ሳይገባ ልጁን ለመዳር ሐረር ሁሉ ይጣደፋል፤ በዚያ ላይ መብራት በፈረቃ ነው። መብራት ባለበት ቀን ደግሞ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል። አንድ ነገር መቀየር እንዳለበት ሁለቱም አምነዋል። የተጣሉት በየቱ ላይ ነው።

«ራም ነው ያነሰው» ትላለች ሶፍያ፤ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ ማለቷ ነው። «ስንት ነገር እላዩ ላይ ቆልለንበት! ራም ከጨመርንለት ይሮጣል።»

«አቦ ተይው! ራም ያነሰው ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ይሄ እየሞተ ነው። መብራት የሚቀበልለት ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ጨርሶታል።»

በእጃቸው ያለው ገንዘብ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ኮምፒውተር የሚጠግነውን ኒቆዲሞስን ጠርተው ቢጠይቁት ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ሶፍያ ለዓሊዪ ይፈርዳል ብላ ፈራች፤ ዓሊዪም ለሶፍያ ይፈርዳል ብሎ ፈራ። ሳይጠሩት ቀሩ።

በዚያ መሃል ነው ነስሮ መመላለስ የጀመረው።

ነስሮ በኤረር በር እህል የሚነግድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ ሰው ነበር። የታናሽ እህቱን የኢክራምን ሰርግ የቀረጹት እነሶፍያ ናቸው። በሰርጉ ዕለት እናታቸው ድሬዳዋ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በሐረሪ ቋንቋ አይ ኸዲጃ፣ እናት ኸዲጃ፣ እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሴት ጉበታቸው ታሞ፣ ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ሲያጡ ወደ ቤታቸው መልሰዋቸው አልጋ ላይ ነበሩ።

«እህቴ ሶፍያ» አለ ነስሮ በመጀመሪያው ቀን፣ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ እያሻሸ። «እናቴ የኢክራምን ሰርግ ሳላይ አልሄድም ብላለች። ሴት ልጇ አንድ እሷ ናት። እባክሽ፣ የእኛን አስቀድሙልን።»

«ኢንሻአላህ፣ በዚህ ሳምንት እናደርሳለን» አለችው። ከልቧ ነበር።

ማሽኑ በዚያው ሳምንት ደጋግሞ ሞተ። ነስሮ ሲመለስ ቆቡን አላወለቀም። «ምንድን ነው የጎደላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሶፍያ «ራም» አለች፤ ዓሊዪ «ፓወር» አለ፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ። ነስሮ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና ደረጃውን ወረደ።

ሶፍያ ዓሊዪን ሳታማክር ድሬዳዋ ለሚመላለስ ሾፌር ብር ሰጥታ ራም አስመጣች። ሲፒዩውን ከፍታ ልትሰካው ብትሞክር አልገባ አለ። ገልብጣ ሞከረች፤ አሁንም እንቢ። ዓይነቱ ሌላ ነው። ዓሊዪ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያይ ቆየና ሳቀ። ሳቁ ረዘመ።

ሶፍያ ራሙን ወረወረችበት። ጠርዙ ቅንድቡን ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ዓሊዪ መሳቁን አቆመ። ቀስ ብሎ ተራመደና አንገትጌዋን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ጡጫው ከፊቷ አጠገብ ቆመ።

«በላ!» አለችው ዓይኗን ሳትሰብር። «ምታኝ!»

አልመታትም። አንገትጌዋን ለቀቀና ካሜራውን በቦርሳው ከትቶ ወጣ። ድሬ ጠያራ ገብቶ የአባቱን ማሽላ ሲኮተኩት ሰነበተ። የኢክራም ሰርግ የተቀረጸባቸው ካሴቶች መደርደሪያ ላይ፣ ካሜራው የአባቱ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀኑ ሄደ። ነስሮ በዚያ ሰሞን ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሶፍያ ብቻዋን ነበረች።

«እናቴ ጠዋት ጠዋት ‹መጣ?› ትለኛለች» አለ። «ምን ልበላት?»

«ማሽኑ...»

«ስለ ማሽኑ አትንገሪኝ።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን ይዞት የነበረው የበሩ እጀታ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ሶፍያ ፈራች። ለዓሊዪ ደወለች፤ ይቅርታ ሳትጠይቅ «ና» አለችው። እሱም ይቅርታ ሳይጠይቅ መጣ፤ የሆነ ቦታ ያገኘውን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ በብብቱ ይዞ። ቀየሩት። ማሽኑ ተነሳ፤ የኢክራምን ሰርግ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ሰማያዊው መስመር ከግማሽ አለፈ፤ ሊያልቅም ተቃረበ። ዓሊዪ «አላልኩሽም!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ።

በማግስቱ ጠዋት አይ ኸዲጃ አረፉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እነሶፍያ አልሰሙም ነበር።

ነስሮ ከመቃብር በቀጥታ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ነበር። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። እጀታው ስላልነበረ አንድ ወንበር ጎትቶ አስደገፈበት።

«ጨርሳችኋል?»

«እስከ ማታ መብራት ካልሄደ...» ብሎ ዓሊዪ ጀመረ።

«ለማን?»

ያኔ ሶፍያ አፈሩን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ነስሮ ስክሪኑን፣ ያንን እንደ ድንጋይ የሚከብድ አሮጌ ስክሪን፣ ከነገመዱ መንጭቆ አነሳና ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። እንደ ፈንጂ ጮኸ። ዓሊዪ ዘሎ ወገቡን ያዘው፤ ነስሮ እንደ ጆንያ አራግፎ ጣለውና የብረቱን በርጩማ አነሳ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግራ ጆሮውን ከላይ ቀደደው። ዓሊዪ ወለሉ ላይ እየዳኸ የካሜራውን ማቆሚያ እግር አገኘና ሳያይ ወደ ላይ ሰነዘረው። ብረቱ ነስሮን አፉ ላይ አገኘው፤ ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ነስሮ ደም ተፋና በርጩማውን ጥሎ በእጁ ገባበት። ይመታል፤ ያለቅሳል። «ለማን? ለማን?» ይላል፣ ይመታል።

ሶፍያ ከኋላው ተንጠለጠለችበት። ሳያያት በክርኑ ወረወራት፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ታጠፈ። ነስሮ ሲፒዩውን በሁለት እጁ አነሳ። የዓሊዪ ጭንቅላት ላይ ሊጥለው ነው ብላ ሶፍያ ጮኸች። እሱ ግን ከታች የወጡ ሰዎች በሩን ሲገፉ ሰማና ዞረ፤ ጨርቅ ነጋዴውና ልብስ ሰፊዎቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ሲፒዩውን በመካከላቸው ወደ ደረጃው ወረወረው። ከእርከን እርከን እየነጠረ እስከ መንገዱ ወረደ።

ነስሮንና ዓሊዪን ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። ደም ከሁለቱም ወገን ፈሷል፤ ሟች ገና አፈር አልደረቀባቸውም። ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለ።

አው አብዱልፈታ፣ አባ አብዱልፈታ እንደማለት ነው፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ሁለቱን ወገኖች ቤታቸው ጠርተው፣ ነስሮን በቀኝ፣ ሶፍያንና ዓሊዪን በግራ፣ ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ አስቀመጧቸው። የሶፍያ አጎት አቶ ጌታቸውም ነበሩ። የነስሮ ከንፈር አብጦ ተሰፍቷል። የዓሊዪ ጆሮ በፋሻ ተጠቅልሏል። የሶፍያ እጅ በአንገቷ ታስሯል። ከመሃል ወለሉ ላይ፣ ነጠላ ላይ ተቀምጦ፣ የተጨራመተው ሲፒዩ ነበር።

ኒቆዲሞስን ያስጠሩት አው አብዱልፈታ ራሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩን ፈታቶ እያንዳንዱን ነገር ነጠላው ላይ ደረደረው።

«እንግዲህ ልጄ» አሉት፣ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ። «ከመመታቱ በፊት የታመመው የቱ ነው? በዱላ የሞተውስ የቱ ነው? ነስሮ ጤነኛ የነበረውን ይተካል። የታመመውን እሱ ላይ አንጭነውም።»

ኒቆዲሞስ አንድ በአንድ አነሳ። ሣጥኑ፣ ማራገቢያው፣ የዲቪዲ ማጫወቻው፣ ስክሪኑ፣ እነዚህ በዱላ ነው የሞቱት። ራሙ ጤነኛ ነበር፤ አሁንም ጤነኛ ነው። ፓወር ሰፕላዩም እንደዚሁ። ከዚያ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ አንስቶ ለአው አብዱልፈታ አቀረበላቸው።

«እነዚህን ትንንሽ ቆርቆሮዎች ይመልከቱ። ራሳቸው አብጦ ፈንድቷል። ይሄ የመውደቅ አይደለም፤ ከብዙ ወር በፊት የጀመረ ነው። ማሽኑን ሲያጠፋው የነበረው ይሄ ነው። መቀየር የነበረበት ማዘርቦርዱ ነው።»

ሶፍያና ዓሊዪ ተያዩ። ሲፒዩውን ስንቴ ከፍተውታል! ያበጠው ዓይናቸው ሥር ነበር። እሷ የምታየው የራሙን ቦታ፣ እሱ የሚያየው የፓወሩን ቦታ።

«ስለዚህ እሱ የእናንተ ነው» አሉ አው አብዱልፈታ። «የቀረው የነስሮ። ነስሮ፣ ትስማማለህ?»

«እስማማለሁ» አለ ነስሮ፣ በተሰፋው ከንፈሩ መሃል።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። አቶ ጌታቸው «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሊነሱ ሲሉ አው አብዱልፈታ ምርኩዛቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና፣ ለማወቅ ያህል፣ ኒቆዲሞስን ጠየቁት።

«እኔ የማይገባኝ፣ ያ የተቀረጸበት ካሴት ያለዚህ ዕቃ አይታይም?»

«ይታያል እንጂ» አለ ኒቆዲሞስ፣ ብሎኑን እየለቀመ። «ሙዚቃው፣ ጽሑፉ፣ ማሳመሪያው አይኖረውም እንጂ፣ ካሜራውን በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ነው። ያኔውኑ ይታያል።»

ብሎኑን ለቅሞ ጨረሰ። ቀና ሲል ሁሉም የሚያየው ሶፍያንና ዓሊዪን ነበር።

«ልጄ» አሉ አው አብዱልፈታ ወደ ሶፍያ ዞረው። «ይህን ታውቁ ነበር?»

ሶፍያ መዋሸት ትችል ነበር። አጎቷ እንድትዋሽ በዓይናቸው ለመኗት።

«እናውቅ ነበር» አለች። «በየሰርጉ ቤት ቀረጻው ጥሩ መሆኑን የምናየው እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ?»

«አላሰብነውም። አው አብዱልፈታ፣ እምላለሁ፣ አላሰብነውም። ሁልጊዜ ራም ነው፣ ፓወር ነው እያልን... አንድም ቀን ትዝ አላለንም።»

«ቤታችን ቴሌቪዥን አለ» አለ ነስሮ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። «ከአልጋዋ ፊት ለፊት ነው ያለው።»

ዓሊዪ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ስለዚህ አላየውም። ነስሮ ከመደቡ ወርዶ ፓወር ሰፕላዩን ከነጠላው ላይ ከነገመዱ አነሳና አሽከርክሮ ዓሊዪ ላይ ሰነዘረው። አው አብዱልፈታ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደደረሱ ማንም አላወቀም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው መሃል ገቡ። ብረቱ ክንዳቸው ላይ አረፈ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀሽ ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ሽማግሌው አልጮኹም። «ያ አላህ» ብለው ተቀመጡ።

ነስሮ ደርቆ ቀረ። ዓሊዪ ግን ያን ጊዜ ተነሳ። የነስሮን ጉሮሮ በሁለት እጁ አንቆ ነጠላው ላይ፣ ብሎንና ብረቱ ላይ አጋደመው። ነስሮ እጁን እንኳ አላነሳም። ፊቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀረ፤ እግሩ ምንጣፉን ይቧጥጣል። አቶ ጌታቸውና ኒቆዲሞስ ዓሊዪን ከኋላ ቢጎትቱት አልላቀቅ አለ። ሶፍያ ተንበርክካ «ዓሊዪ! ዓሊዪ!» እያለች በደህነኛው እጇ ጣቶቹን ልትፈለቅቅ ታገለች። ሲያቅታት አውራ ጣቱን ነከሰችው። ደሙ አፏ ውስጥ እስኪገባ ነከሰችው። ያኔ ለቀቀ።

ነስሮ በጎኑ ተንከባሎ ሲያስለው ቆየ። ትንፋሹ ሲመለስለት በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ ግንባሩን አው አብዱልፈታ እግር ላይ ደፋ። ሽማግሌው ደህነኛ እጃቸውን አንስተው ራሱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ተዉት።

ወጌሻ ክንዳቸውን አሰረላቸው። ፍርዳቸውን የላኩት ከተኙበት ነው። ነስሮ የሰበረውን ይተካ፤ እነሶፍያ ማዘርቦርዱን ይግዙ። አንዱ ሌላው ላይ እጁን ቢያነሳ ግን እኔ የለሁበትም፣ መንግሥት ይየው አሉ። ሰው «የአይ ኸዲጃስ ነገር?» ብሎ ሲጠይቃቸው «እሱን መዳኘት አልችልም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ ይባላል።

ነስሮ ዕቃዎቹን በኩሊ ላከ። ራሱ አልመጣም። ኒቆዲሞስ አዲሱን ማዘርቦርድ ገጠመ፤ የተረፈውን አሮጌ ነገር እላዩ ላይ ሰካካ፤ ማሽኑ ተነሳ። ሶፍያ ወረፋ የያዘውን የሌላ ቤተሰብ ሰርግ ጫነችበት። ሰማያዊው መስመር ሳይሰናከል ዳር ደረሰ። ዓሊዪ አላጨበጨበም። ጆሮው ድኗል፤ ግን ቅርጹ ጠፍቷል፤ በዚያ በኩል የሚሰማው ጭው የሚል ብቻ ነው። ድምፅ ሲያስተካክል ሶፍያ አጠገቡ ተቀምጣ የግራውን ታዳምጥለታለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኢክራም መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከሰርጓ ሂና ጥፍሯ ላይ ጥቂት ቀርቷል። በሩ ላይ ቆማ በግድግዳው ላይ ስክሪኑ የቦረቦረውን ቦታ አየች።

«ማሽኑ ተሠራ አሉኝ።»

«አዎ» አለች ሶፍያ፣ ከወንበሯ እየተነሳች። «ኢክራም፣ የእናትሽ ነገር... ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። የሰርግሽን ነገ እጀምረዋለሁ። በሁለት ቀን ያልቃል። ምንም አትከፍሉም።»

«ካሴቶቹን ስጪኝ።»

«ሳይሠራ?»

«ስጪኝ።»

ሶፍያ ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻት። ኢክራም ደረጃውን ወረደች። ከጨርቅ ሱቁ ደጃፍ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የሚደገፍበትን ድንጋይ አነሳች፤ ካሴቶቹን የድንጋይ እርከኑ ላይ ደርድራ መውቀጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ተፈናጠረ። ሁለተኛው ሲሰበር ቁራጩ ጉንጯን ጫረው፤ አልጠረገችውም። ሰፊዎቹ ስፌታቸውን አቁመው አዩ። መንገደኛው ቆመ።

ዓሊዪ ከላይ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ኧረ ተይ! ሌላ ቅጂ የለውም! የገዛ ሰርግሽ ነው!»

ኢክራም ቀና አለች። ድንጋዩ እጇ ላይ ነው።

«የእኔ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ነበርኩበት። ያልነበረችው እሷ ናት።»

ዓሊዪ ሊወርድ ዞረ። ሶፍያ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችበት። «ተዋት» አለችው። ባልታመመው ጆሮው በኩል ነበር የተናገረችው፤ ሰምቷል። ሆኖም ገፍቷት ሊያልፍ ሞከረ፤ ደረቱን መታችው። እንደገና መታችው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር እጇን ያዘው፤ ተያይዘው ቆሙ፣ ከታች ድንጋዩ ድንጋይ ሲመታ እየሰሙ።

ሲያበቃ ኢክራም ድንጋዩን ወደነበረበት መለሰች፤ ጥቁር ሻሿን አስተካክላ ሄደች። ጥቁሩ የካሴት ክር በነፋስ ፈረስ መጋላን አቋርጦ የአንድ ባጃጅ ጎማ ላይ ተጠመጠመ። ሾፌሩ ወርዶ እየተሳደበ በቢላ ይቆርጠው ጀመር።

ሶፍያ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ወረፋ የሚጠብቁ የሌሎች ሰዎች ካሴቶች ነበሩ። አንዱን አነሳች፤ አስቀመጠች። ሌላውን አነሳች።

«ከእነዚህ ውስጥ» አለች፣ «ታሞ የተኛ ሰው ያለበት ቤት የማን ነው?»

ዓሊዪ ካሴቶቹን አንድ በአንድ አየ።

«አላውቅም» አለ። «ጠይቀን አናውቅም።»